መልስ ያጣው ዲያቆን

ቁስጥንጥንያ ላይ እንጀምር። ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 381 ዓ.ም. ነው። ከተማው ጳጳስ በጳጳስ ሆኗል፤ 150 አባቶች የመንፈስ ቅዱስን አምላክነት የካዱትን ሊያወግዙ ተሰብስበዋል። አደባባዩ ክርክር ነው፣ ገበያው ክርክር ነው። በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ዲያቆን ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ስሙ ኤዋግሪዮስ። ከጥቁር ባሕር ወገን፣ ከጳንጦስ አገር፣ ኢቦራ ከምትባል ከተማ የመጣ የካህን ልጅ ነው። አናጉንስጢስ፣ አንባቢ ማለት ነው፣ ያደረገው ታላቁ ባስልዮስ፣ ዲቁና የሰጠው ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ። እንግዲህ ከሁለቱ የበለጠ ማን ምስክር ይሁንለት?

አፉ ደግሞ ስለት ነው። መናፍቅ ሊሞግተው ሲመጣ ከኦሪት አንድ፣ ከነቢያት አንድ፣ ከጳውሎስ አንድ እየመዘዘ አፉን ያስይዘዋል። ጎርጎርዮስ መንበሩን ለቅቆ ወደ አገሩ ሲመለስ ይህን ዲያቆን ለተተኪው ለንክጣሪዮስ ትቶለት የሄደው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለክርክር የሚሆን ሰው ስለነበረ ነው። ከተማው ያከብረዋል፤ ዕድሜውም ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ሰው የሚያየው ጎልማሳ ነው።

ታዲያ እዚህ ላይ ሴቲቱ መጣች።

የአንድ ትልቅ ሹም ሚስት ናት። ስሟን ማንም አልጻፈውም፤ ደግ አደረጉ። መጀመሪያ እሱ ወደዳት። ኋላ እሱ ልቡን ለመመለስ ሲፍጨረጨር እሷ በተራዋ አበደችለት። ይህን የምናውቀው ከጳላድዮስ ነው፤ ጳላድዮስ በግብፅ በረሃ የኤዋግሪዮስ ደቀ መዝሙር ነበረና በ420 ገደማ በጻፈው የመነኮሳት ታሪክ ውስጥ የመምህሩን ነገር ሳይደብቅ አስቀምጦታል። ነገሩ ወደ ሥራ አልደረሰም ይላል። ለመድረስ ግን የቀረው ትንሽ ነበር።

አሁን ልብ በሉልኝ። ይህን ሰው መጽሐፍ አያውቅም ልትሉት አትችሉም። የሰው ሚስት አትመኝ የሚለውን ትእዛዝ ያውቃል፤ ሰሎሞን በምሳሌው ልጁን ከጋለሞታ ቤት ደጃፍ ሲያርቅ የጻፈውን ሁሉ በቃሉ ሊወርድላችሁ ይችላል። ለመናፍቁ ሲሆን ቶሎ ብሎ የሚመዘዝለት ጥቅስ ለራሱ ሲሆን ግን ከሰገባው አልወጣ አለው። ይጸልያል፤ እግዚአብሔር እንዲያግደው ይለምናል። ልሂድ ይላል፣ አይሄድም። ያሰረው ክብሩ ነው፤ ሰው ከሚሰደብበት ከተማ በአንድ ሌሊት ይወጣል፣ ከሚጨበጨብለት ከተማ ለመውጣት ግን ጉልበት ያጣል።

አንድ ሌሊት ታዲያ ራእይ አየ። የአገረ ገዢው ወታደሮች መጥተው ያዙት። አንገቱን በብረት ቀለበት፣ እጁን በሰንሰለት አሰሩት። ለምን እንደታሰረ የሚነግረው የለም። እሱ ግን የሚያውቅ መሰለው፤ ባልየው ከስሶኛል አለ በልቡ። ወዲያ ደግሞ ሌላ ሰው በሌላ ነገር ተከሶ እየተገረፈ ይመረመራል፤ ጩኸቱ ይሰማል። ጭንቅ ያዘው። በዚህ መሐል አንድ ወዳጁ ሊጠይቀው የመጣ መስሎ ቀረበ፤ መልአክ ነው። ምን ሆነህ ታሰርክ አለው። እኔ እንጃ፣ እገሌ የተባለው ሹም በቅንዓት ከሶኝ ይመስለኛል፣ ዳኛውንም በገንዘብ ይዞት እንዳይሆን እፈራለሁ አለ። ወዳጁም የወዳጅ ምክር ከሰማህስ እዚህ ከተማ መቀመጥ አይበጅህም አለው። ኤዋግሪዮስ ከዚህ ብቻ ልውጣ እንጂ ከእንግዲህ ቁስጥንጥንያ ውስጥ ብታየኝ ይህ ቅጣት ሲያንሰኝ ነው አለ። እንግዲያው በወንጌል ማል አለው። ማለ። አንድ ነገር ብቻ ጨመረ፦ ልብሴን መርከብ ላይ የምጭንበት አንድ ቀን ስጠኝ። ማለና ነቃ።

እንኳን ሕልም ሆነ ብሎ ተገላብጦ መተኛት ይችል ነበር። በሕልም የተማለ መሐላ በየትኛው ችሎት ይጸናል? እሱ ግን በሕልምም ቢሆን ምያለሁ አለ። ያለውን ሁሉ መርከብ ላይ ጭኖ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደ።

የጲጥፋራ ሚስት ልብሱን ስትይዘው ዮሴፍ ልብሱን ጥሎላት ወጣ። የእኛው ዲያቆን ደግሞ ልብሱን የሚሸክፍበት ቀን ለመነ። አልፈርድበትም፤ መሸሹን ሸሽቷል። ግን ይቺን ልብስ አትርሷት፤ ኢየሩሳሌም ላይ ትጠብቀዋለች።

ደብረ ዘይት ላይ ሮማዊቷ ሜላንያ ገዳም መሥርታለች። ከሮም ባለጠጎች ወገን ናት፤ በ22 ዓመቷ ባሏ ሞቶባት ያን ሁሉ ሀብት ለገዳምና ለድኃ ያዋለች ሴት ናት። እንግዳውን በደስታ ተቀበለችው። ጥቂት ሰነበተና የወጣትነት ደሙ እንደገና ፈላበት። በአንደበቱ መደነቅ አማረው፤ ልብስ መለዋወጥ ጀመረ። ልቡ ሁለት ሆነ። ይህን ጊዜ ትኩሳት ጣለው። ስድስት ወር ሙሉ! ሥጋው አልቆ አጥንቱ ቀረ። ሐኪሞቹ መጡ፣ ሄዱ፣ የበሽታውን ስም እንኳ አላገኙለትም።

ሜላንያ ነገሩ አላማራትም። አጠገቡ ቁጭ ብላ፦ ልጄ፣ የበሽታህ መርዘም አልጣመኝም፤ ይህ ያለ ምክንያት አይደለም፣ በልብህ ያለውን ንገረኝ አለችው። ዘረገፈላት። ቁስጥንጥንያን፣ ሴቲቱን፣ መሐላውን፣ ሁሉንም። ያ ጳጳሳት የሚሰሙት ሰው ስድስት ወር ሙሉ ለአንድ ሰው እንኳ አልተናገረም ነበር ማለት ነው። እሷም ልትመነኩስ በጌታ ፊት ቃል ግባልኝና እኔ ኃጢአተኛዋ ዕድሜ እንዲጨመርልህ እለምናለሁ አለችው። እሺ አለ። በጥቂት ቀን ውስጥ ተነሥቶ ቆመ። ልብሱንም ለወጠ፤ ይኼኛው የመነኩሴ ልብስ ነው። ከዚያ ወደ ግብፅ በረሃ።

እኔ የዚህን ሰው ታሪክ ስተርክ ብዙ ሰው የሚጠብቀው እዚህ ላይ እንዲያበቃ ነው። ሸሸ፣ ተናዘዘ፣ መነኮሰ፣ ዳነ። ጾር የሚባለውን የፈተና ውጊያ የሚያውቅ ግን እንዲህ አይቸኩልም። መነኮሳቱ ጾር ተነሣብኝ ይላሉ እንጂ ጾር አለፈልኝ ሲሉ እምብዛም አይሰማም።

ኒጥርያ በሚባለው ገዳም ሁለት ዓመት ተቀመጠ። ከዚያ ወደ ባሰው በረሃ፣ ወደ ኬልያ ገባ፤ 14 ዓመት እዚያ ኖረ። ስለ ኬልያ ትንሽ ልንገራችሁ። የኒጥርያ መነኮሳት በዝተው ጸጥታ ሲጠፋ አባ አሞን አባ እንጦንስን አማከረው። እንጦንስ ከዘጠኝ ሰዓቱ ማዕድ በኋላ ተነሥተን እንሂድ አለ። ፀሐይ እስክትገባ ተጓዙ፤ መሸ፣ ጸለዩ፣ መስቀል ተከሉ። ከኒጥርያ የሚመጣ ወንድም ማዕዱን በልቶ ተነሥቶ ሳይመሽ የሚደርስበት ልክ ይህ ነው ተባለ። እንዲህ በእግር ተለክታ ነው ኬልያ የተቆረቆረችው። በ1964 አንትዋን ጊዮሞን የሚባል ፈረንሳዊ ሊቅ ከናይል ዳር ርቆ በአሸዋ የተዋጠውን ቦታ አገኘው፤ ኋላም ቆፋሪዎች በጭቃ ጡብ የተሠሩ መኖሪያዎችን እያወጡ ለዓለም አሳዩ። ያው ጊዮሞን የኤዋግሪዮስን መጻሕፍት ሲመረምር የኖረ ሰው መሆኑ ይገርመኛል፤ ጽሑፉን አንብቦ ቤቱን ሊፈልግ የሄደ ይመስላል።

ኤዋግሪዮስ እዚህ በቀን አንድ የሮማውያን ሊብራ ዳቦ ይበላል፤ በእኛ ሚዛን 330 ግራም ቢሆን ነው። ዘይቱ ከግማሽ ሊትር እምብዛም አትበልጥም፣ ለሦስት ወር ታዳርሰዋለች። ጽሕፈቱ ያማረ ነበርና መጽሐፍ እየገለበጠ የዕለት ጉርሱን ብቻ ይሠራል። በቀን 100 ጸሎት ያደርሳል። ያም ሆኖ የዝሙት ጾር ተከትሎት መጣ። አንድ ጊዜ ቢብስበት በብርድ ወራት ሌሊቱን ሙሉ ራቁቱን የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ አደረ፤ ሥጋው እስኪደርቅ። ጳላድዮስ ይህን በአድናቆት ነው የሚጽፈው። እኔ ብጠየቅ በዚያ ሌሊት የቀዘቀዘው ሥጋው ብቻ ይመስለኛል። ለምን ቢሉ ያው ሰው ኋላ የጻፈው መጽሐፍ ስለ ጉድጓድ ሳይሆን ስለ ቃል ነውና።

መነኮሳቱ የሚፈሩት ደግሞ ሌሊቱን ብቻ አይደለም። ቀትሩን ነው።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት አካባቢ ይጀምራል። ፀሐይቱ የቆመች ትመስለዋለች፤ ቀኑ የ50 ሰዓት ቀን ይሆንበታል። መነኩሴው ብራናውን ዘርግቶ ተቀምጧል፤ ዓይኑ ግን ወደ መስኮት ይሄዳል። ይነሣል። ከበዓቱ ወጥቶ በእጁ ፀሐይን ከልሎ ቀና ይላል፤ ዘጠኝ ሰዓት ለመሙላት፣ ለመብላት ማለት ነው፣ ስንት ቀረ? ይገባል። ይቀመጣል። አንድ ወንድም ብቅ ቢል እያለ አንገቱን ያወጣል። ማንም የለም። ይህን ጊዜ ሐሳቡ ይነግረው ይጀምራል፦ ፍቅር እኮ ከወንድሞች ዘንድ ጠፍቷል፣ አንድ የሚያጽናናህ ሰው የለም። በዚያ ሰሞን ያስቀየመው ሰው ካለ እሱን ያመጣለታል። ቀጥሎ ይህ ቦታ አይስማማህም ይለዋል፤ ሥራውም አይሆንህም፤ ሌላ አገር ብትሄድ ቀለል ያለ ሥራ አለ፣ እግዚአብሔር እንደሁ በቦታ አይወሰን፣ የትም ይመለካል! አያችሁ፣ ይኼ ክፉ ሐሳብ ሃይማኖተኛ ነው። ከዚያ ዘመዶቹን፣ የድሮ ቤቱን ያሳየዋል፤ ሽምግልናው ምን ያህል ረዥም እንደሚሆን ይቆጥርለታል። እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ እንዲህ ነው።

ኤዋግሪዮስ ይህን ሀኬት የሚባል ጾር ከሁሉ የከበደ ይለዋል፤ ስሙንም ከዳዊት አውጥቶ የቀትር ጋኔን ብሎታል። እኛም አገር እኮ በቀትር ወንዝ አትውረድ፣ ዛፍ ሥር አትተኛ እየተባልን ነው ያደግነው። እነዚያ መነኮሳት ግን ወንዝም ዛፍም የላቸውም፤ ጋኔኑ ወንበራቸው ላይ ይመጣባቸዋል። ቢሮ ተቀምጦ ሰዓት የሚያይ፣ ስልኩን ደጋግሞ የሚከፍት፣ ሌላ አገር ብሄድ እያለ የሚተክዝ ሰው ይህን ቢያነብ ማን ነገረው ይላል።

አንድ ቀን በዚሁ በቀትር ቃጠሎ አባ መቃርስ ዘንድ ሄደ። ውኃ ጥም አንገብግቦታል። ሽማግሌውን ውኃ ለመነው። ሽማግሌው ጥላው ይብቃህ አለው፤ ስንቱ መንገደኛና ባሕረኛ ይህችን ጥላ እንኳ አጥቶ ይሄዳል። ቀጥሎም እኔ 20 ዓመት እንጀራውንም ውኃውንም እንቅልፉንም ጠግቤ አላውቅም አለው። ውኃ ሊጠጣ ሄዶ ምክር ጠጥቶ ተመለሰ። እንዲህ ያለ መምህር ዛሬ ቢኖር ደጁን የሚረግጥለት ያገኝ ይሆን?

ሉክዮስ የሚባል አባት ታዲያ ወደ ኤዋግሪዮስ ላከ፦ ከአጋንንት ጋር ስለምናደርገው ውጊያ ጻፍልን። በዚህ ልመና የተወለደው መጽሐፍ መልስ የሚሰጥ መጽሐፍ ነው። ሐሳቦቹን በስምንት ከፈላቸው፦ ስስት፣ ዝሙት፣ ፍቅረ ንዋይ፣ ኀዘን፣ ቁጣ፣ ሀኬት፣ ውዳሴ ከንቱ፣ ትዕቢት። ከእያንዳንዱ ሥር ሐሳቡ የሚናገረውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስቀምጣል፤ ከጎኑ ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ አጭር ቃል ይሰጣል። ጥቅሶቹ ከኦሪት ዘፍጥረት ጀምረው በመጽሐፉ ቅደም ተከተል ይሄዳሉ፤ በጠቅላላው ወደ 500 ይጠጋሉ። እጅ ሥራ ጠልቶ ግድግዳ ተደግፎ ለማንቀላፋት ለሚገፋው ሐሳብ፣ ታካቹን እስከ መቼ ትተኛለህ ብሎ የሚወቅሰው የሰሎሞን ምሳሌ አለለት። እርጅና ይመጣል፣ እጅህ ይዝላል፣ ረኃብ ይሆናል፣ ለምነህ ስትበላ ታፍራለህ እያለ ገንዘብ አስቀምጥ የሚለውም የራሱ መልስ አለው። ሁሉም ቃል ለጋኔኑ የሚወረወር አይደለም፤ አንዳንዱ ወደ እግዚአብሔር ልመና ነው፣ አንዳንዱ መነኩሴው የገዛ ነፍሱን የሚገሥጽበት ነው።

ለምን አስፈለገ ቢሉ ምክንያቱን በመግቢያው አስቀምጦታል። በውጊያው ሰዓት ተገቢው ቃል ቶሎ አይገኝም፤ በመጻሕፍት ሁሉ ተበትኖ ነው ያለው። ይህን ሳነብ ቁስጥንጥንያ ትመጣብኛለች። ጥቅስ ሞልቶት ጥቅስ ያጣው ዲያቆን ነዋ የጻፈው! ሰውን ሁሉ እንቅፋት የሚመታው የት ላይ እንደሆነ ከራሱ እግር ነው የተማረው።

አብነት ያደረገውም ጌታን ነው። እኛ ገዳመ ቆሮንቶስ በምንለው ቦታ፣ ከአርባ ቀን ጾም በኋላ፣ ጌታ ሦስት ጊዜ ተፈተነ፤ ሦስት ጊዜ መለሰ፤ ሦስቱም መልስ ከአንድ መጽሐፍ ከኦሪት ዘዳግም ነው። ድንጋዩን እንጀራ አድርግ ሲባል፣ ሰው በእንጀራ ብቻ እንደማይኖር። ከመቅደሱ ጫፍ ዝለል ሲባል፣ አምላክን መፈታተን እንደማይገባ። የዓለም መንግሥታት ሲቀርቡለት፣ ስግደት ለእግዚአብሔር ብቻ እንደሆነ። እያንዳንዱ መልስ ከአንድ ትንፋሽ አይበልጥም። ሔዋንን አስቡ፤ እባቡ ሲጠይቃት ወሬ ጀመረች፣ ትእዛዙን ስታብራራ አልነኩም የሚል ጨመረችበት፣ ውይይቱ እንደረዘመ እጇ ፍሬው ላይ ነበር።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። መቅደሱ ጫፍ ላይ ጥቅስ የጠቀሰው ዲያብሎስም ነው። የጠቀሰውም ከመዝሙረ ዳዊት 90ኛው ነው፤ መላእክት በእጃቸው ያነሡሃል የሚለውን። እናቶቻችን ማታ በራቸውን ዘግተው የሚደግሙት፣ የቀትሩ ጋኔን ያለበት፣ ያው መዝሙር! ፈታኙ ያቋረጠበት ቦታ ግን ያስቃል፤ ቀጥሎ ያለው ቁጥር እባቡና ዘንዶው እንደሚረገጡ የሚናገር ነው። እዚያ ሲደርስ ዝም አለ። እንግዲህ ጥቅስ ማወቅ ብቻ ሰውን ጻድቅ ቢያደርግ ኖሮ ዲያብሎስም ተስፋ ነበረው።

ኤዋግሪዮስ ይህን በሌላ መንገድ ሳያገኘው አልቀረም። አንድ ቀን ኬልያ ላይ ስለ አንድ ጉዳይ ጉባኤ ሆነ። እሱም እንደለመደው ተናገረ። የቦታው ቄስ ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ፣ አባ፣ በአገርህ ብትሆን ይኼኔ ጳጳስ፣ የብዙዎችም አለቃ እንደምትሆን እናውቃለን፣ እዚህ ግን እንግዳ ነህ አለው። በሰው ፊት! ለዚያ የቁስጥንጥንያ ምላስ መልስ ሞልቶታል። ኤዋግሪዮስ ግን ራሱን ነቅንቆ እውነት ነው አባቴ አለ፤ ኢዮብ በመጨረሻ አፉን በእጁ ሲይዝ ያለውን ቃል ለራሱ ጠቅሶ አንዴ ተናግሬያለሁ፣ አልደግምም ብሎ ዝም አለ። እኔ ከ500ው ጥቅስ ሁሉ ይችን አንዷን እመርጣለሁ፤ ሌላውን ሰው ለመርታት ያልተመዘዘች ናትና።

በ399 በጥምቀት ሰሞን ሥጋ ወደሙ ተቀብሎ በ54 ዓመቱ ዐረፈ። ከመሞቱ በፊት ሦስት ዓመት ሆነኝ፣ የሥጋ ፍትወት አላስቸገረኝም ብሎ ነበር። ይኼን ያህል ደክሞ ያገኘው ሦስት ዓመት ነው እንግዲህ። ከሞተ በኋላ እስክንድርያ ላይ በጥንቱ መምህር በኦሪጀን ትምህርት ጠብ ተነሣ፤ ወዳጆቹ ከበረሃው ተባረሩ፤ በ553 ደግሞ ግሪኮቹና ሮማውያኑ ባደረጉት ጉባኤ ዙሪያ የእሱም ስም ተወገዘ። መልስ የሚሰጠው መጽሐፉ በግሪክኛ ጠፋ። ሶርያውያንና አርመኖች ግን በየቋንቋቸው ገልብጠው አቆዩት። ስምንቱን ሐሳቦች ዮሐንስ ካስያን ወደ ምዕራብ ወሰዳቸው፤ እዚያ የሮሙ ጳጳስ ታላቁ ጎርጎርዮስ ሸጋሽጎ የሰባቱ ዐበይት ኃጣውእ መነሻ አደረጋቸው። ወደ እኛም የዚያ በረሃ አባቶች ነገር በዐረብኛ በኩል በፊልክስዩስና በመሰሎቹ መጻሕፍተ መነኮሳት ደርሶናል።

አሁን አንዱ ይነሣና፣ ይኼ ለተማረ ሰው ነው፣ ጽሕፈት ለማያውቀውስ ይለኛል። እንጦንስም ፊደል አልቆጠረም፤ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ የሚነበበውን እየሰማ ልቡ ላይ ያስቀምጥ ነበር፣ አትናቴዎስ እንደጻፈው። ብልሃቱ ሁሉ ጉልበት የሆነ ሰውስ? ለእሱም ሰው አለ። ከኬልያ ወደ ደቡብ፣ ገዳመ አስቄጥስ ውስጥ፣ በዚያው ዘመን።

ሙሴ ጸሊም ነው። ጳላድዮስ ኢትዮጵያዊ ይለዋል። የአንድ ሹም ባሪያ ነበረ፤ በሌብነቱ አባረረው፤ የወንበዴ አለቃ ሆነ። አንድ ጊዜ አንድ እረኛ በውሻው ስላደናቀፈው ቂም ያዘ። ናይል ሞልቷል። ልብሱን በራሱ ላይ ጠምጥሞ፣ ጎራዴውን በጥርሱ ነክሶ ዋኝቶ ተሻገረ። እረኛው አይቶ ተደበቀ። ሙሴ ምርጥ ምርጡን አራት አውራ በግ አረደ፣ በገመድ አስሮ እየጎተተ ዋኝቶ ተመለሰ። እንዲህ ያለ ሰው ነው የመነኮሰው። ከመነኮሰም በኋላ አራት ወንበዴዎች ሳያውቁት በዓቱን ሰበሩ፤ አራቱንም አስሮ በጀርባው ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳቸውና ልጎዳቸው አይገባኝምና ምን ላድርጋቸው ብሎ ጠየቀ። ማንነቱን ሲያውቁ እነሱም መነኮሱ።

የዝሙት ጾር ግን እንደ ወንበዴ ታስሮ የሚወሰድ አልሆነም። ካህኑን አባ ኤስድሮስን አማከረ። ምግቡን ቀነሰ፤ ደረቅ ዳቦ ብቻ። በቀን 50 ጸሎት አደረሰ። ሕልሙ አልለቀው አለ። ስድስት ዓመት ሌሊት ሌሊት ዓይኑን ሳይከድን በበዓቱ መሐል ቆሞ አደረ። አልሆነም። ከዚያ ሌላ ዘዴ ያዘ፤ ውኃ መቅጃው የራቃቸውን ሽማግሌዎች እንስራ እያነሣ በጨለማ እየሞላ ይመልስላቸው ጀመር። አንድ ሌሊት ጉድጓዱ ላይ ጎንበስ እንዳለ ጋኔኑ ወገቡን በዱላ መታው፤ ዓመት ሙሉ ታመመ። ጉልበተኛውን በጉልበቱ በኩል!

ኤስድሮስ ይህን ጊዜ፣ ሙሴ፣ ከአጋንንት ጋር መጣላቱን ተው፣ ለጀግንነትም ልክ አለው አለው። ሙሴ እስኪተውኝ አልተውም አለ። ኤስድሮስ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም ከአሁን ጀምሮ ሕልምህ ቆሟል፣ ሂድና ያለ ፍርሃት ቁረብ አለው፤ በተጋድሎዬ አሸነፍሁ ብለህ እንዳትመካ ነው ይህ የደረሰብህ ብሎ ገለጠለት። ስድስት ዓመት ቆሞ ያላገኘውን በአንድ ሽማግሌ ቃል አገኘ።

የአበው ዜና ሌላም ይጨምራል። ጾሩ በጸናበት ቀን ሙሴ ወደ በዓቴ አልመለስም፣ አልችልም ብሎ ኤስድሮስ ዘንድ መጣ። ሽማግሌው አልተቆጣውም። እጁን ይዞ ጣሪያ ላይ አወጣው። ወደ ምዕራብ እይ አለው። አየ፤ አጋንንት ተሰልፈው ይተራመሳሉ፣ ለውጊያ ይጮኻሉ። አሁን ወደ ምሥራቅ እይ አለው። ዞረ፤ ቁጥር የሌላቸው መላእክት በብርሃን ቆመዋል። ኤስድሮስም ኤልሳዕ በሶርያ ሠራዊት ተከቦ የፈራውን ሎሌውን ያጽናናበትን ቃል ነገረው፤ ከእኛ ጋር ያሉት ይበዛሉ። ልብ ብላችሁ እንደሆነ ሙሴ ይህን ቃል ራሱ አላስታወሰውም። በጭንቁ ሰዓት ሌላ ሰው ነው ያስታወሰው። ወደ በዓቱ ተመለሰ።

ዘመኑ አለፈና 405 ገደማ በርበሮች አስቄጥስን ሊዘርፉ ወረዱ። ሙሴ ሸምግሏል፤ 75 ዓመቱ ነው። ወንድሞች አብረውት ተቀምጠዋል። ዛሬ በርበሮች ይመጣሉ፣ ተነሥታችሁ ሽሹ አላቸው። አንተስ አባታችን አሉት። እኔማ ሰይፍ የሚያነሡ በሰይፍ ይጠፋሉ ያለው የጌታ ቃል እስኪፈጸምብኝ ስንት ዓመት ነው የጠበቅሁት አለ። ጎራዴውን በጥርሱ ነክሶ ናይልን የተሻገረ ሰው ነው ይህን የሚለው። እኛም ካንተ ጋር እንሞታለን እንጂ አንሸሽም አሉ። ይህ የእኔ ጉዳይ አይደለም፣ እያንዳንዱ ለራሱ ይወስን አላቸው።

በርበሮቹ ደረሱ። ገደሏቸው። ስንክሳራችን በሰኔ 24 እንደሚያነበው ግን አንዱ ወንድም በመጨረሻው ሰዓት ልቡ ከዳውና ከሰሌኑ ኋላ ተሸሸገ። ማንም አላየውም። ነፍሱ ተርፋለች፤ ጥቂት ቢታገሥ ገዳዮቹ ይሄዳሉ። ከዚያ ሆኖ ሲያይ የእግዚአብሔር መልአክ አክሊል ይዞ ቆሞ ይጠብቀዋል። ሰሌኑን ገፍቶ ወደ በርበሮቹ ወጣ።